ቀዩ ወደ ላይ

ቀዩ ነጥብ ወደ ታች ዞሮ ነበር።

አይቼዋለሁ። እቃ ቤት የገባሁት የልብስ ቅርጫት ልወስድ ነው፤ ሰማዩ በሐይቁ በኩል ጠቁሮ ስለነበር የተሰጣውን ልብስ ሳይረጥብ ማንሳት ነበረብኝ። የመኪናው ቻርጀር ገመድ እንደ ወትሮው እቃ ቤት ካለው ሶኬት ተነስቶ፣ በተከፈተው በር ወጥቶ፣ ሲሚንቶው ላይ ተጋድሞ መኪናው ድረስ ይሄዳል። መሀሉ ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን አረንጓዴ ታበራለች። ሶኬቱ ውስጥ የገባው መሰኪያ ግን ተገልብጧል። ኤሌክትሪሺያኑ በጥፍር ቀለም የቀባው ቀይ ነጥብ ሁልጊዜ ከላይ ነበር የሚታየኝ፤ ያን ዕለት ቅርጫቱን ላነሳ ጎንበስ ስል ከስር አየሁት።

ለሽበሺ እነግረዋለሁ ብዬ ቅርጫቴን ይዤ ወጣሁ። ስለዚያ መኪና የማልፈራው ነገር አልነበረም። ያን ቀይ ነጥብ ብቻ ሳልፈራው አለፍኩ።

ሽበሺ ባለቤቴ ነው። የአንድ ድርጅት ሠራተኞችን ጠዋት እዚሁ ካለው ከአዲስ ከተማ ሰፈር እየሰበሰበ ሥራቸው ያደርሳል፤ ማታ ይመልሳል። በአሮጌ መኪናው ጊዜ ግማሽ ዕድሜው ያለቀው ቤንዚን ማደያ ደጅ ሰልፍ ላይ ነው። አንዳንዴ ምሳውን በሳህን ከድኜ ሰልፉ ድረስ እወስድለት ነበር። በመጨረሻ ምርር ሲለው አሮጌውን ሸጠ፣ ከእናቱ የወረሰውን መሬትም ጨመረበት፣ አዲስ አበባ ሄዶ ይህን አዲስ መኪና ይዞ መጣ። ፕለጊን ሃይብሪድ ይሉታል።

"እንደ ስልክ ነው" አለኝ ያመጣው ዕለት፣ ግቢው መሀል አቁሞት ዙሪያውን እየዞረ። "ማታ ትሰኪዋለሽ፣ ቀን በመብራት ይሄዳል። መብራቱ ሲያልቅበት ደግሞ ቤንዚን አለው። ከሁለቱ አንዱ አይጠፋም።"

"ሁለቱም ቢጠፉስ?"

"ሁለቱም አይጠፉም።"

"እሺ፣ ቢቃጠልስ?"

"ታቢ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ ይባላል።"

እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ስሜ ታቢታ ነው፤ እሱ ታቢ ይለኛል፣ ስሰለቸው ደግሞ "እሳት አደጋ"። ያለ ምክንያት አይደለም። መኪናው በገባ ሰሞን ባልዲዎች አሸዋ ሞልቼ ጎኑ ደርድሬ ነበር። ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አይቻለሁ፤ የት አገር እንደሆነ አላውቅም፣ ቆሞ የነበረ መኪና ከሆዱ ስር ጭስ ለቀቀና አጠገቡ የነበረው ሰው ዞር ብሎ ሳያይ ነደደ። ያን ቪዲዮ ካየሁ በኋላ የሶልያናን አልጋ በግቢው በኩል ካለው ክፍል ወደ ጓሮው በኩል አዛወርኩት። ሶልያና አንድ ልጃችን ናት፣ ሁለተኛ ክፍል። አልጋውን ስገፋ "እማዬ፣ መኪናው ያንኮራፋል እንዴ?" አለችኝ። አዎ አልኳት።

መኪናው ውስጥ አንዲት ሴትዮ አለች። በቻይንኛ ነው የምትናገረው፤ ቋንቋውን የሚቀይርልን ሰው አላገኘንም። በር ሲከፈት ታወራለች፣ ቀበቶ ሲታሰር ታወራለች፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ታወራለች።

"ምን እያለች ነው?" እለዋለሁ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ እያለች ነው።"

"ይህን ያህል ይረዝማል?"

"ቻይና እንግዳ አክባሪ ነው።"

ሶልያና የሴትዮዋን ንግግር እንደ መዝሙር ሸመደደችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከኋላ ተቀምጣ እኩል ትላለች። ስለዚህ ሴትዮዋ አዲስ ነገር የተናገረች ዕለት መጀመሪያ ያወቀችው እሷ ነበረች።

"አባዬ፣ ይህንን ከዚህ በፊት ብላው አታውቅም።"

ሽበሺ ሳቀ። እኔ ሰሌዳው ላይ አንዲት ቢጫ ምልክት በርታ አየሁና ሳቁ አልመጣልኝም። ያን ማታ ገመዱን ሲሰካው ሳጥኗ አረንጓዴ በማብራት ፈንታ ቀይ ብልጭ ድርግም ስትል አየን። መኪናው አልሞላም አለ። እስከዚያ ድረስ እዚያው ሶኬት ላይ ያለ ምንም ችግር ሲሞላ ነበር። በግቢያችን ያ ሰሞን የተለወጠ ነገር ቢኖር የዛገውን የውሃ ቱቦ በላስቲክ ማስቀየራችን ብቻ ነው። ቱቦና መኪና ምን ያገናኛቸዋል? ማንም አላሰበውም።

ሽበሺ መናኸሪያ አካባቢ ያለ ጋራዥ ወሰደው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። አልአዛር የሚባለው መካኒክ ከመሪው ስር አንድ መሣሪያ ሰክቶ ስክሪኑን ሲያይ ቆየ። ስክሪኑም ቻይንኛ ነው።

"ኤረር ነው" አለ። "አጥፍቼዋለሁ።"

"ኤረሩን ነው ያጠፋኸው ወይስ ምልክቷን?" አልኩት።

"እናት፣ ምልክቷ ከጠፋች ኤረሩ ጠፋ ማለት ነው።"

ማታ ስንሰካው ሳጥኗ ቀይ፣ ምልክቷም ተመለሰች። ጠዋት በሩ ሲከፈት ሴትዮዋ ያንኑ ነገር ደገመችው።

የሸጡለት ሰዎች አዲስ አበባ ናቸው። ሲደወልላቸው መጀመሪያ ሙዚቃ ይሰማል፣ ከዚያ አንዲት ልጅ ታነሳለች፣ "ለቴክኒክ ክፍል ላስተላልፍዎት" ትላለች፣ ከዚያ ሙዚቃው ይቀጥላል። አንድ ማታ ሽበሺ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ራት በላን። ሳህኑን አነሳሁ፣ አጠብኩ፣ ሙዚቃው አላለቀም። ሶልያና ትጨፍርበት ጀመር። በመጨረሻ ሌላ ቻርጀር በአውቶቡስ ላኩልን፤ አዲሷም ሳጥን ቀይ። አልአዛር "እንግዲያው ባትሪው ነው፣ ከስር መክፈት አለብኝ" አለ። ሰዎቹ ደግሞ "ከተከፈተ ዋስትናው ይቀራል፣ ይዘኸው ና" አሉ።

ይዘኸው ና ማለት ቀላል ነው። ባትሪው ተበላሽቷል የተባለ መኪና ነድቶ እስከ አዲስ አበባ። ሻሸመኔ ሲደርስ እደውላለሁ፣ ዝዋይ ሲደርስ እደውላለሁ። እየነዳ ስልክ ማንሳቱ ራሱ ያስፈራኛል፣ ስለዚህ እተውና በጽሑፍ እልካለሁ፤ ከዚያ ማንበቡ ይብሳል ብዬ ተመልሼ እደውላለሁ። ሞጆ ላይ "ታቢ፣ ከመኪናው በፊት አንቺ ነሽ የምትፈጂኝ" ብሎ ስልኩን ዘጋው። በሕይወት አለ ማለት ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

እዚያ ሲሰኩት ወዲያው አረንጓዴ በራ። ቴክኒሻኑ ሳቀበት አሉ። "መኪናህ ምንም የለበትም፣ ናፍቀነው ይሆናል" ብሎ ሞልቶ ላከው። ሽበሺ እየዘፈነ ተመለሰ። ማታ ግቢያችን ገብቶ ሰካው፤ ቀይ።

ሽበሺ ቁጡ ሰው አይደለም። ያን ማታ ግን አንዱን የአሸዋ ባልዲ በእግሩ መታውና እያነከሰ ገባ።

አዲሱ መኪና በአሮጌው ሰልፍ ቆመ። ሌሎቹ ሾፌሮች አልማሩትም። "ሽበሺ፣ ያንተ በመብራት አይደል? ሶኬት ፈልገህ ነው ማደያ የመጣኸው?" ይሉታል። ሌላው ደግሞ "ተዉት፣ ጓደኝነታችን ናፍቆት ነው" ይላል። ሊሳቅበት ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። ዓይኑ ቀላ። ሠራተኞቹን ይዞ መሪ ላይ እንቅልፍ ቢጥለውስ እያልኩ ደግሞ እሱን መፍራት ጀመርኩ። እሳቱን ልረሳው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ኤሌክትሪሺያኑን ሰለሞንን ያመጣችልን ፍሬሕይወት ናት። ከውጭው በር አጠገብ ያለችውን ክፍል የተከራየችን ልጅ ናት፤ ፒያሳ ፀጉር ቤት ትሠራለች። "የፀጉር ቤታችንን ማድረቂያ ካስኮች ሁሉ የሚያስነሳው እሱ ነው፣ የሞተ ነገር አያውቅም" አለችን። ሰለሞን በሞተር ሳይክል መጣ፤ ፈጣን፣ ጨዋታ የሚያውቅ ወጣት ነው። መኪናውን ዞር ብሎም አላየው። ቀጥታ እቃ ቤት ገብቶ ሶኬቱን ፈታ፣ ግድግዳውን እየተከተለ ወደ ውጭ ወጣ፣ አዲሱን የላስቲክ ቱቦ አይቶ ሳቀ።

"መኪናችሁ ጤነኛ ነው" አለ። "ሳጥኗ ናት ቤታችሁን ያላመነችው። ሦስተኛ ሽቦ ትፈልጋለች፣ ወደ መሬት የሚወርድ። የናንተ ከብረቱ ቱቦ ጋር ነበር የታሰረው። ብረቱን ነቅላችሁ ላስቲክ ስታደርጉ ሽቦው አየር ላይ ቀረ።"

ሽበሺ ግንባሩን ያዘ። ያ ሁሉ ጋራዥ፣ ያ ሁሉ መንገድ።

"አሁን ምን ይሻላል?"

"ብረት መሬት ውስጥ መቅበር ነው። እሱ ቁፋሮ አለው፣ እቃውም ዛሬ የለኝም። ለጊዜው ሽቦው ያለ አስመስልላታለሁ።"

"ለማን ነው የምታስመስለው?" አልኩት።

"ለሳጥኗ።"

"ሳጥኗ ያን ሽቦ የምትፈልገው ለምንድነው?"

"ፈሪ ሆና ነው" አለ፤ ሽበሺም እኔን እያየ ሳቀ።

መሰኪያውን ፈታው፣ ውስጡ አንዲት አጭር ሽቦ ጨመረና መልሶ ገጠመው። ከዚያ የጥፍር ቀለም አለሽ ወይ አለኝ። ከእህቴ ሰርግ የተረፈ ቀይ ነበረኝ። በአንዱ ጎን ላይ ነጥብ አደረገበት።

"ስትሰኩ ቀዩ ሁልጊዜ ወደ ላይ።"

"ወደ ታች ቢሆንስ?"

"ወደ ታች አይሆንም። ወደ ላይ ነው የምትሰኩት።"

"በስህተት ቢሆንስ ነው የምለው።"

"እህቴ፣ ለዚህ እኮ ነው ቀይ የቀባሁልሽ።"

"ታቢ" አለ ሽበሺ፣ "ሰውየው ነገረሽ አይደል?"

ሰካው። አረንጓዴ በራ። ፍሬሕይወት አጨበጨበች፣ ሶልያናም ተከትላ አጨበጨበች። ሰለሞን በሳምንቱ ተመልሶ ብረቱን እቀብራለሁ ብሎ ሄደ። ጌታ ይባርክህ ብዬ የመረቅሁት እኔ ነኝ። አልተመለሰም፤ እኛም አልጠራነውም። የሚሠራ ነገር ማን ይነካካል? ሽበሺ እስኪነጋ መተኛት ጀመረ። እኔም ማታ ማታ እየተነሳሁ በመስኮት ጭስ መፈለጌን ተውኩ።

ያ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሽበሺ ሥራ ስላልነበረው ቤት ውስጥ በባዶ እግሩ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ነበር። ሶልያና በረንዳው ላይ ትጫወታለች። እኔ ቅርጫቱን ይዤ ከእቃ ቤት ወጥቼ ልብሱን ማንሳት ስጀምር ዝናቡ ቀደመኝ። በአንዴ ነው የወረደው። ሽበሺ የመኪናውን መስኮት ክፍት እንደተወው ትዝ ብሎት ከቤት ሲሮጥ ወጣ፤ ጫማ አላደረገም። "ወንበሩ" ሲል ሰማሁት ሲያልፈኝ። ስለ ቀዩ ነጥብ ልነግረው ነበር። ልብሱን ልጨርስና እነግረዋለሁ አልኩ።

በሩን ከፈተው። ሴትዮዋ መናገር ጀመረች። ሽበሺ አንድ እጁን የበሩ ብረት ላይ አድርጎ ወደ ውስጥ ሊያጎነብስ ሲል ቆመ።

መጀመሪያ ዝም ብሎ የቆመ ነው የመሰለኝ፣ አንድ ነገር የረሳ ሰው እንደሚቆም። ከዚያ ትከሻው ሲርገፈገፍ አየሁ። አፉ ተከፍቷል፣ ድምፅ አይወጣውም። የምትናገረው ሴትዮዋ ብቻ ናት።

"አባዬ እየጨፈረ ነው" አለች ሶልያና። እየሳቀች ከበረንዳው ወረደች፣ በዝናቡ ውስጥ ወደ እሱ ሮጠች።

በእውነት ያን ጊዜ ስለ ሽበሺ አላሰብኩም። ልብሱን ጥዬ ልጄን ከኋላ ቀሚሷን ያዝኩ። ልትደርስበት አንድ እርምጃ ቀርቷት ነበር፣ እጇን ዘርግታለች። ወደ ኋላ ስጎትታት ጨዋታ መስሏት ታገለችኝ። ሶኬቱ ከኋላዬ እቃ ቤት ውስጥ ነው። ሄጄ ልነቅለው ብል ልጄን መልቀቅ ነው፤ ከለቀቅኳት እኔ ሶኬቱ ጋ ሳልደርስ እሷ አባቷን ታቅፋለች። ባሌን መጎተት ደግሞ ሦስታችንም እዚያው መቅረት ነው። ዓይኔ እያየ ባሌ ይንቀጠቀጣል። እግሩ ስር ያለው ሲሚንቶ ውሃ ነው፣ የኔም እግር ስር ውሃ ነው። ውሃው ከሱ ጋር ያገናኘን ይሆን ብዬ ልጄን አንጠልጥዬ አነሳኋት፤ እኔ ብቻ ልቁምበት ብዬ።

"ፍሬ" ብዬ ጮህኩ። "ብሬከሩን።"

ፍሬሕይወት ፎጣ ጭንቅላቷ ላይ እንደጠመጠመች ከክፍሏ ወጣች። ቆጣሪው ከበሯ አጠገብ ነው።

"የትኛውን?"

"ሁሉንም።"

እጇ ወደ ቆጣሪው ሳጥን ሲሄድ አየሁ፤ ክዳኑ አልከፈት ሲላትም አየሁ። ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ እላለሁ፣ ሌላ ቃል የለኝም። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሽበሺ የያዘውን ለቀቀና በጀርባው ውሃው ላይ ወደቀ። የግቢው መብራት ሁሉ ጠፋ። ሴትዮዋ ግን የራሷ ባትሪ ስላላት መናገሯን አላቆመችም።

ልነካው ፈራሁ። ይህን መናገር ያሳፍራል፣ ግን ፈራሁ። መብራቱ መጥፋቱን በዓይኔ አይቼ እንኳ ውስጡ የቀረ ነገር ያለ መሰለኝ። ሶልያናን በረንዳው ላይ አስቀምጬ፣ ፍሬሕይወት ይዛልኝ፣ ጣቴን መጀመሪያ ሸሚዙ ላይ አደረግሁ፣ ከዚያ አንገቱ ላይ። ይመታል። ዓይኑ ተከፍቶ ዝናቡን ያያል። ቆይቶ ትንፋሹ መጣ፣ እንደ ሰመጠ ሰው።

"መስኮቱ" አለ።

"ይዘጋል" አልኩት። "ተኛ፣ ይዘጋል።"

መሀል እጁ ላይ ቆዳው ነጭ ሆኖ ተቃጥሏል። በባጃጅ ክሊኒክ ወሰድነው፤ እሱ በእኔና በፍሬሕይወት መሀል ተቀምጦ፣ ሶልያና ጉልበቴ ላይ። ክሊኒኩ ውስጥ አባቷ ደረት ላይ ሽቦ ሲለጥፉ ልጅቷ መጮህ ጀመረች፤ ሽቦ ነውና። ነርሷ "ይህ የሚሰማ እንጂ የሚይዝ አይደለም" እያለች አንዱን በራሷ ክንድ ላይ ለጥፋ አሳየቻት። እኔም ካላየሁ አላምንም ነበር።

"ልቡ ደህና ነው" አለች ነርሷ ወረቀቱን አይታ። "እዚህ ትንሽ እናቆየዋለን። ቤት ሲገባ ብቻውን እንዳይሆን። ደረቱን ካመመው፣ ከከበደው፣ ወዲያው ይምጣ።"

"እንቅልፍ ቢወስደውስ?"

"ይተኛ እንጂ።"

"ተኝቶ ቢቀርስ ነው የምለው።"

ነርሷ ወንበር ሰጠችኝ።

ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ለሰለሞን ደወልኩ። ሽበሺን መብራት ያዘው አልኩት፣ ከመኪናው። ተረፈ ወይ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"ማን ገለበጠው?" አለ።

ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

"ታውቅ ነበር ማለት ነው።"

"ቀዩ ወደ ላይ ብዬ ነግሬያችሁ ነበር እኮ፣ እህቴ። ሰውየው ደህና ነው?"

"ወደ ታች ሲሆን ምን እንደሚሆን ጠይቄህ ነበር።"

ቀስ ብሎ ነገረኝ። የመሬቱን ሽቦ መሰኪያው ውስጥ ከማይነዝረው ሽቦ ጋር አገናኝቶት ነበር። በትክክል ሲሰካ ምንም የለም። ሲገለበጥ ግን የማይነዝረው በሚነዝረው ይተካል፤ የመኪናው ብረት በሙሉ መብራት ይሆናል። ሳጥኗም አታውቅም፣ አረንጓዴ ታበራለች። ተታላለች።

"ታዲያ ያን ዕለት ይህን ለምን አልነገርከኝም?"

"ነግሬሽ ቢሆን ትጠቀሙበት ነበር?"

ስልኩን ዘጋሁት። ወዲያው መልሶ ደወለ፤ ነገ በጠዋት ብረት ይዤ መጥቼ እቀብራለሁ፣ ለዛሬ ቀዩን ወደ ላይ አድርጋችሁ መጠቀም ትችላላችሁ አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ባጃጁ ውስጥ ፍሬሕይወት ማልቀስ ጀመረች።

"እኔ ነኝ" አለች። "ውሃ ስትመጣ ሮቶው ይሙላ ብዬ፣ ፓምፑን ልሰካ የመኪናውን ነቀልኩት። ሌላ ሶኬት የለም እኮ እቃ ቤት። ስጨርስ መልሼ ሰካሁት። ጋሽ ሽበሺ እንዳይቸገር ብዬ ነው። አረንጓዴ ስትበራልኝ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት፣ በእመቤቴ።"

ልቆጣት ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የሞላልሽን ሰው ምን ብለሽ ትቆጪዋለሽ? ስለ ቀዩ ነጥብ ማንም አልነገራትም። እኔ የማውቀው እንኳ አይቼ አልፌዋለሁ።

"የሞተ የለም፣ ፍሬ" አላት ሽበሺ። ከክሊኒክ ከወጣን ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ነው።

ቤት ስንገባ መምሸት ጀምሮ ነበር። ብሬከሩን እንዳታነሱ አልኩ፤ ሻማ አበራሁ። ሶልያናን ከአባቷ ጎን ሶፋው ላይ አስቀመጥኳት። መኪናው በሩ እንደተከፈተ ዝናቡ ወንበሩን አርሶታል። ሴትዮዋ ዝም ብላለች።

ሽበሺ የታሰረ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ "ባትሪው ግማሽ አልሞላም" አለ።

ሻማውን ከመስኮቱ ንፋስ አራቅሁት።

"ሰኞ ጠዋት ሰዎቹ ይጠብቁኛል። ቤንዚን የለውም። ነገ ሰልፉ ከማደያው አልፎ ሌላ ሰፈር ይደርሳል።"

"ሰለሞን ነገ መጥቶ ይቀብራል ብሏል።"

"ባለፈውም ብሏል።" ወደ እኔ ዞረ። "እኔ ራሴ ብሰካው፣ ታቢ። ቀዩን አይቼ። ከዚያ ማንም አይጠጋውም፣ ከቤት አንወጣም። ሲነጋ ደግሞ እኔው እነቅለዋለሁ።"

በሻማው አየሁት። ቀልድ አይደለም። ያ እጅ ገና ፋሻው አልደረቀም። ቀን ሲሮጥ ካየሁት በላይ አሁን ፈራሁ፤ ያኔ አላወቀም ነበር፣ አሁን አውቆ ነው የሚናገረው። ዛሬ ቢሰካና ምንም ባይሆን፣ ነገም ይሰካል። ሰለሞን ይዘገያል፣ እኛ እንለምደዋለን። ከዚያ አንድ ቀን ውሃ ይመጣል፣ ወይም መብራት ሄዶ ይመለሳል፣ ወይም ሶልያና ቦርሳዋን መኪናው ውስጥ ትረሳለች።

"አንተ ስትወድቅ" አልኩት "እሷ ልታቅፍህ አንድ እርምጃ ነበር የቀራት። እየሳቀች ነበር።"

"እኔ አላየሁም።"

"እኔ አይቻለሁ።"

ሶልያና ወደ እሱ ጠጋ አለችና የታሰረውን እጁን ሳትነካ ክንዱ ስር ገባች። ሽበሺ ወደ እሷ አጎንብሶ አየ። ከዚያ ወደ መስኮቱ።

ስልኬን አብርቼ ወጣሁ። ገመዱን በፎጣ ይዤ ከመኪናው ነቀልኩት። መብራት እንደሌለ አውቃለሁ፣ ቢሆንም በፎጣ ነው የያዝኩት። ሲሚንቶው ላይ እየጠቀለልኩ ሄጄ፣ መሰኪያውንም ከሶኬቱ አውጥቼ፣ ሁሉንም እቃ ቤት ጥግ ላይ አስቀመጥኩ። የመኪናውን በር በእግሬ ገፍቼ ዘጋሁት። ሴትዮዋ አንድ ነገር አለች።

ፍሬሕይወት ከክፍሏ በር ላይ ሆና ታየኛለች።

"ሮቶው ቢያልቅስ፣ እትዬ?" አለች ቀስ ብላ። "ፓምፑም እዚያው ውስጥ ነው።"

"በጀሪካን እንቀዳለን።"

"እኔ እቀዳለሁ" አለች።

የእቃ ቤቱ በር ገመዱ ስለሚያልፍበት ከተዘጋ ቆይቷል። ጣውላው በዝናብ አብጦ ወለሉን ይዟል። ጎተትኩት፣ ገፋሁት፣ ተጠጋልኝ። የቁልፉ ምላስ ግን ከቀዳዳው አልገጥም አለ፤ በሩ ወርዷል። ስልኩን በአፌ ይዤ በሁለት እጄ ላነሳው ሞከርኩ። አልተነሳም። ክፍት ካደረ እንቅልፍ አይወስደኝም። እኔ ባንቀላፋ ሽበሺ ተነስቶ ይሰካዋል ብዬ ፈራሁ፣ ቀስ ብሎ፣ እኔን ላለመቀስቀስ፣ በባዶ እግሩ።

ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ሽበሺ ነው፤ የሶልያናን የዝናብ ጃንጥላ ተደግፎ መጣ። ጫማ አድርጓል። ቆሞ በሩን አየ፣ እኔን አየ። ሊናገር ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ልመልስለት ተዘጋጅቼ ነበር።

የታመመ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ትከሻውን በበሩ መሀል ካለው አግዳሚ ጣውላ ስር አስገባና ጉልበቱን አጥፎ ተነሳ። ጣውላው ጮኸ፣ ከወለሉ ለቀቀ። ነርሷ እንዳይደክም ብላው ነበር፤ ያን ላስታውሰው አፌን ከፍቼ ተውኩት።

"በይ" አለኝ፣ ትንፋሹን ይዞ።

ቁልፉን አዞርኩት።